የፀጉር አጥር

ውርጩ ጓዙን ጠቅልሎ በግንቦት ሲሰናበት፣
ከጓሮው ሣር ላይ ቆረስኩኝ፣ አራት ክንድ በስምንት።
የኮሎምበስ አፈር ሸክላ ነው፣ ግትር ነው፤
ሲርስ ጫማ ይነጥቃል፣ ሲደርቅ ጡብ ነው።
ታገልኩት። ፍግ ጨመርኩ፣ ቅጠል አበሰበስኩበት፣
ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ቲማቲም በረድፍ አሰፈርኩበት፤
ለፎሶሊያው በዳር በኩል ገመድ ወጠርኩለት።

ፎሶሊያው በቀለ፤
አንገቱን ቀለሰ፣ ቀና አለ፣ ሁለት ቅጠል አዘለ።
ማክሰኞ አየሁት። ረቡዕም ነበረ።
ሐሙስ ጠዋት ብወጣ አገዳው ብቻ ቀረ።

መጀመሪያ ጥንቸሏን ጠረጠርኩ፤ አጠርኩባት፤
የሠላሳ ዶላር ሽቦ እስከ ወገቤ ዘረጋሁባት።
እሷም በሽቦው ቀዳዳ፣ አፍንጫዋን እያርገበገበች፣
"እኔን ነው?" እንዳለ ሰው ቆማ ተመለከተች።
ለካስ በሐሰት ከስሻት ኖሯል።

ሰኔ ላይ፣ ለአውቶቡስ ፈረቃ ከሌሊቱ አሥር ስነሣ፣
ከወጥ ቤቱ መስኮት ማዶ አንድ ጥላ ራሱን አነሣ።
አጋዘን ናት። ግልገሎቿን ከሽቦው ውጭ ትታ፣
አጥሬን እንደ ደጃፍ ደፍ ተሻግራ፣ ያለ ኮሽታ፣
ጎመኔን ትበላለች።
መብራት አበራሁ፤ ቀና ብላ አየችኝ፤
ሌባው እኔ የሆንኩ ይመስል እስክወጣ ጠበቀችኝ።
አላምጣ ስትጨርስ ሄደች።

ጎረቤቴ ቨርነን፣ ጡረተኛው ባቡር ነጂ፣
አጥሩ ላይ ክርኑን ጥሎ፣ በአፉ ስንጥር ይዞ፣ "ወዳጄ፣
የሰው ፀጉር ስቀል" አለኝ። "ጠረኑን ትሸሻለች።
እናቴ ኬንታኪ ሳለን እንደዚያ ስታደርግ ኖራ፣ ጎመኗን እየበላች ዘጠና ሞላች።"

ቅዳሜ ማታ ሄድኩኝ ክሊቭላንድ ጎዳና፣
ወደ ቢረሳው ፀጉር ቤት፣ ባዶ ማዳበሪያ ያዝኩና።
"የወለሉን ጥራጊ ስጠኝ" አልኩት።
መቀሱ ቆመ።
ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ተጠቃቀሰ፣ አጉረመረመ፤
ፀጉርና ጥፍር ለሰው እንደማይሰጥ ማን ያጣዋል?
"ማን ላይ ሊያስደግምበት ነው?" አለ አንዱ፤ "ሰውዬው ታሟል።"
"ለአጋዘን ነው" አልኩ። ባሰ።
ጋሽ አውላቸው፣ ገና ተስተካክለው የተነሡት፣
ጎንበስ ብለው ነጭ ነጩን ከወለሉ ለቀሙት፣
በመሐረብ ቋጠሩት፣
ደረት ኪስ ከተቱት።
"የኔ አይጨመርም" አሉ። ወጡ።

የተረፈውን ሰቀልኩ በሽንኩርት መረብ ቋጥሬ፤
አንድ ፀጉር ቤት ሙሉ ሰው ዘብ አቆምኩ በአጥሬ።
ሙሽራው ከዲያቆኑ ጎን፣ ታክሲ ነጂው ከተማሪው፣
የተኳረፉት ወንድማማቾች በአንድ ከረጢት ተቃቅፈው።
በሦስተኛው ሌሊት አጋዘኗ መጣች። አሸተተች።
ዲያቆኑን በጆሮዋ ገፋ አድርጋ ፎሶሊያውን ጨረሰች።

ቨርነን እስኪያስለው ሳቀ።
ከዚያ ወዲያ ተካፈልን፤ ለሷ ዳር ዳሩ፣ ለኔ መሐሉ።
ከረጢቶቹን ረሳኋቸው። እየሳሱ ሄዱ፤ ነፋስ ነው አልኩ።

ጥቅምት ላይ፣ ጽዱን ስከረክም፣ ከቅርንጫፉ እቅፍ
አንዲት ጎጆ ወደቀች፣ ከእፍኝ የማትተርፍ።
ውጭዋ ሣርና ሥር፣ ውስጧ ግን ጥቁር ሐር፣
ድንቢጥ የሸመነችው የሰፈራችን ፀጉር።
ዞር እያደረገች፣ ቀጭኑን ከወፍራሙ፣
የሙሽራውን ከዲያቆኑ፣ የወንድማማቾቹን ከነቂሙ፣
ለጫጩቶቿ አንጥፋ፣ አሳድጋ፣ አብርራ፣
ሄዳለች ኪራይ ሳትከፍል፣ የሰው ጠረን ሳትፈራ።

በጫማ ካርቶን አድርጌ ወሰድኳት ፀጉር ቤት።
ቢረሳው ማሽኑን አጠፋ፤ እጅ በእጅ ተቀባበሏት።
ጋሽ አውላቸው መነጽራቸውን ወለወሉ፣
አገላብጠው አዩና "ነጭ የለባትም" አሉ።
ሌላ አልተናገሩም።

በሚያዝያ፣ አንድ እሁድ፣ አፈሩ ገና ሳይሞቅ፣
ደጄ ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ።
ከደረት ኪሳቸው ያ መሐረብ ወጣ፣
እንደ ዘር የተቋጠረ።
"ይኼን ለድንቢጧ" አሉኝ፤ "ስትመጣ ስቀልላት።
ፎሶሊያውንም አንድ ረድፍ ለአጋዘኗ ጨምርላት።"