እባክዎ

ድሬ ላይ ሰው እንዲህ አይልም።
አንቱታ ሙቀት አይችልም፤
"አንቺ" ትላለህ ለእናትህ እኩያ፣
"አንተ አቦ" ትልሃለች፣ ዋጋ ስትቆርጥ ገበያ።
ማክበር ሌላ ነው እዚህ፦ ከኒሙ ሥር ፈቀቅ ማለት፣
ቀዝቃዛውን ውሃ ቀድሞ ለደከመው መስጠት።

እኔ ከሸማቾች ሱቅ ነኝ፣ ከሽቦው መስኮት ኋላ፣
ከዘይት ጀሪካን አጠገብ፣ ከዱቄት ኬሻ ጥላ።
ሰባት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣
ማሽኑም እንደኔው ያልበዋል።

አዳ ኢፍቱ መጣች። ካርዷ በፌስታል፣ ፌስታሉ በመሐረብ፣
መሐረቡ ጡቷ ሥር። ፈታች፣ ፈታች፣ ፈታች፤ ወደ መስኮቱ አለች ቀረብ።
"እባክዎ የምሥጢር ቁጥርዎን ያስገቡ" ይላል ማሽኑ፤ አነበብኩላት።
ሳቀች፤ ሳል እስኪይዛት።
"ስድሳ ዓመት ኖሬ በዚህ ከተማ፣
እንዲህ ያከበረኝ ይህ ላስቲክ ነው ወላሂ፣ ስማ!"

ከዚያ ጮክ ብላ፦ "አሥራ ዘጠኝ ዘጠና ስምንት።"
"ቀስ በይ እንጂ! ሰልፉ ይሰማል፤ ይህ ያንቺ ብቻ ነው" አልኳት።
ዞር አለች። ጋሪ ነጂውን አየች፣ ጫት ሻጯን፣
ያን ሰሞን በአካፋ ጭቃ ሲዝቅ የከረመውን፣
"ደቻቱ የወጣበትን ዓመት" አለች፣ "ከነዚህ የማያውቀው የትኛው ነው?
በር የሌለኝን ሴት ቆልፊ ትለኛለህ፤ ልጄን ውሃ ከወሰደው
ሌሊት ወዲህ፣ ሌላ ቁጥር ጭንቅላቴ አልያዘም።"
ቁልፎቹን ነካሁ። ማንም ማንንም አላየም።

ማሽኑ አሰበ። ሲያስብ ነጥብ እንደ ጉንዳን ይደረድራል።
"ይቅርታ፣ ቀሪ ሂሳብዎ ዜሮ ነው" ይላል።

ዜሮ? ወሩ ከገባ ሦስት ቀኑ!
ወረቀቱን ጎተትኩት ከማሽኑ፦
ትናንት፣ አሥር ሰዓት ከሩብ፣ ሳቢያን፣
ሃያ ኪሎ ዱቄት፣ ሦስት ሊትር ዘይት፤ የወሩን ድርሻ፣ ሁሉን።
የሷ ጉልበት ሳቢያን አይደርስም፤ የደጇን ደረጃ ይፈራል።
"ካርዱን ማን ይዞት ነበር?" "ማንም" አለች። ዐይኗ ግን ሰው ያያል።
አፏን ከፈተች፤ አንድ ስም እስከ ጥርሷ መጣ፣
እንደ መራራ ኪኒን መልሳ ዋጠችው፣ ያለ ውሃ፣ ሳታወጣ።
ይህችን ሴት ነው ምሥጢር መጠበቅ ያስተማርኳት እኔ!

ቅጽ አወጣሁ። ቅጹም ጨዋ ነው፣ የማሽኑ ዘመድ፦
"ካርድዎን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል?" ሁለት ሳጥን፣ አንድ መንገድ፤
"አዎ" ካለች አይተካም፣ ደንቡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።
እስክሪብቶዬ "አልሰጠሁም" ላይ አረፈ። ከሥሩ አውራ ጣቷ ሰማያዊ ሆኖ ፈርሟል።
ፈጣሪም ሆነ ኦዲተሩ ይጠይቁኝ።

ቀበሌ ላክኋት፣ አራት ቁጥር ቢሮ። "ሐሙስ ነይ" አሏት፤ ሐሙስ መብራት ጠፋ።
ሰኞ ኃላፊው ስብሰባ፤ ማክሰኞ መብራት መጣ፣ ማኅተሙ ጠፋ።
እስከዚያ አንድ ሊትር ዘይት፣ አምስት ኪሎ ዱቄት፣
ከዱቤ ደብተሩ ላይ በኔ ስም ጻፍኩት።

በሃያ ሁለተኛው ቀን አዲስ ካርድ ይዛ መጣች። ያው ፌስታል፣ ያው መሐረብ።
"እባክዎ አዲስ የምሥጢር ቁጥር ይምረጡ።"
አነበብኩላት። አልሳቀችም በዚህኛው።
ሻርፗን ከራሷ አወረደች፣ ማሽኑን እንደ ሕፃን ሸፈነችው፤
ከውስጥ ጣቷ ሲጫን ሰማሁ፤ ሦስተኛው ላይ ቆየች።
የማን ዕድሜ ይሁን፣ የየትኛው ቀን፣ ለማንም አልነገረች።
እኔ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ
ሳሙና ቆጠርኩ። አርባ አንድ። ትናንትም አርባ አንድ ነበር፣ ልክ እንደ ዛሬ።