ሰባት ቤት ቆጠራ

«ምንም ያልተነካች፣ እንደ ተወለደች»
ብሎ ነበር ሻጩ በልጆቹ ምሎ፣
የሦስት ዓመት ጥሪቴን፣ የመምህር ደመወዝ፣
በምራቁ አርጥቦ፣ ሁለቴ ቆጥሮ ተቀብሎ።

ከፔካሎንጋን ተጋል እየሳለች መጣች፣
ድልድይ ላይ ቆማብኝ፣ ገበያ ላይ ቆማ፤
ከተማው መግቢያ ላይ፣ ከጨው ማድረቂያው ዳር
ፈጽማ ዝም አለች፣ ልመናዬን ሳትሰማ።

እየገፋሁ ደረስኩ።
ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።
ቡ ሱልያሚ በርጩማዋ ላይ ናት፣
መነጽሯ በቀጭን ሽቦ የታሰረ፣
ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ግራሶ።
ዋጋ አልተናገረች፣ ምን ሆነች አላለች፤
ለሙሽራ ዘር እንደሚቆጥር ሽማግሌ ጎንበስ አለች፣
«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» ብላ
ሞተሯን ጠየቀች።

«ካርቡሬተሩ የህንድ ነው፤ አንገቱ ስላልገጠመ
በብስክሌት ጎማ ቁራጭ አስረውታል፤
ሳሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።
ካንዴላዋ የሣር ማጨጃ።
ማርሚታው የቻይና፤ ሆዱን ቀደው፣ አንጀቱን አውጥተው
መልሰው ሰፍተውታል፤
በአንተ መንገድ ላይ ሕፃን አይተኛም ማለት ነው።»

ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ፣
በተማሪዎቼ ፈተና ጀርባ ጻፍኩ፤ ሦስት ቤት።

ቴስታታውን ከፈተች።
«ፒስተኑ የታላቅ እህቷ ነው፤ ሲሊንደሩን አስፍተው ከተቱት፣
የአባቱን ጫማ እንዳደረገ ልጅ ይንሸራተታል።
ፍሪሲዮኑ ከእርሻ መሣሪያ፤ ጣትህን የሚያምህ ለዚህ ነው።
ይኼ ግን...»
ካምሻፍቱን ወደ መብራቱ አዞረችው፤
«ይኼን አንድ ጎረምሳ በእጁ ሞርዶታል።
በሌሊት ነው፤ ሞረዱ ሁለት ቦታ ስቶታል።
ለፍጥነት እንዳይመስልህ፤ ፍጥነት እንዲህ አይገኝም።
በአንዲት ልጅ ደጅ ሲያልፍ
ድምፁን እንድትለየው ነው።»
ሳቀች። ስድስት ቤት።

ሰባተኛው ቀረ፦ የሞተሩ ቤት።
የዓመታት ጭቃ፣ የዓመታት ዘይት
እንደ ቅርፊት ጠጥሮ ሆዷን ሸፍኖታል፣
ቁጥሯ በመሮ ተፍቋል።
በቤንዚን ጨርቅ ስትወለውለው፣ ከሥር፣
አውራ ጣት የምታህል ጠባሳ ብቅ አለች፤
የተንጋደደ ብየዳ፣
ደርቆ የቀረ አባጨጓሬ የመሰለ።
ቡ ሱልያሚ ባትሪውን ከአፏ አወጣች።
ዝናቡ ብቻ ተናገረ።

«ብየዳ ሳልማር የበየድኩት ነው» አለች ቆይታ፤
«ድንጋይ መትቷት፣ ዘይት ስታነባ፣ ባሌ ጀልባ ላይ ሳለ።
የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት፣ በኢድ ዋዜማ፣
ከዓሣ ጨረታው ደጅ፣ ቅርጫቴን ላወርድ ዞር ስል...»
አልጨረሰችውም።

ሳልሰርቅ ሌባ ሆኜ ቆምኩ፤
ውሰጃት ልል አፌን ከፈትኩ፣
ሦስቱ ዓመት ትዝ አሉኝ፣ መልሼ ገጠምኩ።
ያየችኝ ይመስለኛል።
ከሸክላ ማንቆርቆሪያው የጃስሚን ሻይ ቀዳችልኝ፣
ድንጋይ ስኳሩ እስኪሟሟ ዝም አለች።
«ቤቱ የእኔ ነው፣ ተከራዮቹ የአንተ።
ኪራዩ ቀላል ነው፤ ዘይት ከእኔ ትገዛለህ።
ከሌላ ብትገዛ ስታልፍ እሰማሃለሁ።»

እስከ ማታ ገጠመች፣
ጓርኒሽኑን ከብስኩት ካርቶን ቆርጣ፣
የጎረምሳውን ካምሻፍት ሳትነካ፣ እንደ ሳተ።
በሦስተኛው እርግጫ ተነሣች፤
ጎረቤት መስኮቱን ዘጋ።

ጣሳው ሥር ግን አንዲት ዳዶ ተረፈች።
አገላብጣ አየቻት፣ በጥርሷ ነከሰቻት፣
ባገኘችው ብሎን ሁሉ ሞከረቻት፤
«እሷን አላውቃትም» ብላ መዳፌ ላይ ጣለቻት።
እስካሁን ኪሴ ውስጥ ናት፤
ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ
ጣቴ ሳያስበው ያገኛታል።