ስልሳ ሦስት ዝምታ

ከለገሃር ሽቅብ የታክሲ ሰልፍ ይዤ፣
በቀን ሥራ ዝዬ፣ በነፋስ ደንዝዤ፣
ሰው እቆጥራለሁ፦ ሠላሳ አንድ... ሠላሳ...
ከግንቡ ወዲያ ማዶ ትሮምቦን አገሳ።
ተሳሳተና ቆመ። ከላይ ጀመረና
እዚያችው ላይ ወድቆ ተነሣ እንደገና።

የኔ ትምህርት ቤት ነው። ግንቡን ቀለም ቀቡት፣
የጽዱን ዛፍ ቆርጠው መኪና አቆሙበት።
ደወሉ ግን ያው ነው፣ የተሰነጠቀው፣
የሂሳብ ፈተና ከእጃችን የሚነጥቀው።

ፋኑኤል ረጅሙ፣ ቅርጫት ሥር የነገሠ፣
በአንድ ጥንድ ሸራ ጫማ ሁለት ዓመት የጨረሰ፣
ስታዲየም ሲጮህ፣ ጎል ሲገባ ማዶ፣
«ለኔ ነው» ይል ነበር፣ እጅ ነሥቶ፣ ሰግዶ።

ዘርዓብሩክ ነበረ፣ ቲቸር ላምቤቦ ሰሌዳውን ሳይሞላ
መልሱን የሚናገር፣ ያውም ቁርስ ሳይበላ።

ሙኒር በረመዳን፣ በደረቀው ከንፈር፣
ትራምፔቱን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ነበር።
አባ ወልደኪዳን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አይተው፣
ቴምር ያወጡለታል ከቀሚሳቸው ኪስ፣ ልምምድ አቋርጠው።

እኔስ?
ከአርባ ስድስት ልጅ ሠላሳ አንደኛ።
በቅርጫት ኳሱ ቡድን አሥራ ሦስተኛ፣
ቡድኑ አሥራ ሁለት ሆኖ።
ፎጣ ያዥ፣ ውኃ ቀጂ፣ ከግንብ ማዶ ሮጬ
ኳስ የማመጣ ነኝ፣ ከዘበኛው አምልጬ።

ለባንዱም ሄድኩና፣ ከንፈሬን አዩና፣
ጣቴን አዩና፣ ትንፋሼን ለኩና፣
አባ ወልደኪዳን ዝም አሉ። ቆይተው
ከካርቶን ሥር ጎርጉረው፣ አቧራውን ነፍተው፣
ሦስት ማዕዘን ብረት በሲባጎ አንጠልጥለው ሰጡኝ፤
«ትሪያንግል ይባላል» አሉኝ።

ኖታዬን ገለጥኩት። ባዶ ነው ወረቀቱ፤
ስልሳ ሦስት ረፍት፣ አንዲት ብቻ ምቱ።
«አባ፣ ምኑን ልምታው? ዝምታ ነው ሁሉ።»
«እሱም ይቆጠራል፤ ቁጠር፣ ልጄ» አሉ።

ቆጠርኩ። ሌላው ሲነፋና ሌላው ከፊት ሲታይ
እቆጥር ነበረ በጣቴ፣ ጭኔ ላይ።
በሰልፍ፣ በቅዳሴ፣ አልጋ ላይ ሳይቀር፣
ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ዝምታ ስቆጥር።

የወላጆች በዓል። አዳራሹ ሞላ።
እናቴ ዘግይታ መጣች፣ ቆመች ከበሩ ኋላ፣
የሆስፒታል ጋውኗን ሳታወልቅ።
ባንዱ ተነሣ። ትሮምቦኑ ሲዘልቅ፣
ሳክስፎኑ ሲከተል፣ ሃምሳ ሁለት ላይ ስደርስ፣
መብራት ጠፋ።

አንድ ባንድ ወደቁ። ክላርኔት አቃሰተ፣
ከበሮው ተንገዳግዶ ጠርዝ መትቶ ሳተ፣
ሙኒር እንኳ ቆመ።
እኔን ግን ቁም ብሎ ማንም አልነገረኝ፤
ሃምሳ ስድስት... ስልሳ... ጨለማው ምን ቸገረኝ?
ስልሳ ሦስት።

ቲንንን።

አንዲት የብረት ጠብታ ጨለማው ላይ ወደቀች።
ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ!» ብላ ሣቀች፤
አዳራሹ ተከተላት። ክብሪት ተጫረ።
ባንዱ ከዚያ ወዲያ አንድ ድምፅ ሳይጨምር ቀረ።

በክብሪቷ ብርሃን ግን አባ ወልደኪዳንን አየኋቸው፦
ቀኝ እጃቸው ወደኔ ነበር ተዘርግቶ፣
በዚያ ድቅድቅ ውስጥ ምልክቴን ሰጥቶ።
እሳቸውም ሲቆጥሩ ነበር።

ፋኑኤል ጉልበቱን ታሞ ሱቅ ከፍቷል ይላሉ።
ሙኒር የት እንዳለ አላውቅም።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። አሥራ ዘጠኝ ሰው። ካፊያ።
ልጁ ከግንቡ ማዶ እዚያችው ላይ ደረሰ፣
እዚያችው የሚወድቅባት፤ ትንፋሹን መለሰ።
ኪሴ ገባሁና ቁልፌን አወጣሁት፣
የሰልፉን አጥር ብረት አንድ ጊዜ መታሁት።

አለፋት። ሰምቶኝ ይሁን ሳይሰማ፣
እንጃ።
ከፊቴ ያለች ሴት ዣንጥላዋን ዘርግታ
«ምን ጠፋብህ?» አለች።