ድስቱ እየገነፈለ

ረቡዕ ማታ ሦስት ሰዓት፣ በሞክፖ ወደብ ዳር፣
ዓሣ በምንገፍበት በቆርቆሮው ዳስ ጥግ፣ ከበረዶው ሣጥን በላይ
አንድ ቴሌቪዥን አለ፤ ጨው የበላው፣
አረንጓዴውን ሁሉ ሰማያዊ አድርጎ የሚያሳይ።

አራት ሴቶች ነን። የላስቲክ ቦቲ፣ የላስቲክ ሽርጥ፣
ክርናችን ላይ የደረቀ ቅርፊት፣ እንደ ፈርጥ።
ቢላዋችንን አኑረን፣ ሣጥን ገልብጠን ተቀምጠን፣
በሰው ምግብ ቤት ውስጥ የሰው ፍቅር እንጠብቃለን።

ነገሩ ቀላል ነው፦ ጠባብ ቤት፣ ሰባት ጠረጴዛ፣
አብሳይዋ ሱህዮን፣ ዝምታዋ የበዛ፤
ሳህን አጣቢው ዶጂን፣ ክንዱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ፣
ዐሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ እጇን ያልነካ፣ ስሟን ያላነሣ፤
ብቻ በጀርባዋ ሲያልፍ፣ ሲመለስ፣
«ከኋላሽ ነኝ» ይላል፣ ቀስ፣
የጋለ መጥበሻ ይዞ፣ ቀስ።

ትዕግሥቷ ያለቀው ኦክቡን ናት።
«ምን ይጠብቃል ይሄ ሰው? ሳልና ፍቅር መቼ ይደበቃል?
ይሳማትና እንገላገል! ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣
ደራሲው ይህን ያውቃል?»

«ተይ እባክሽ!» ማልሱን ናት። «ወጥ ቤት ነው፣ ጫጉላ ቤት መሰለሽ?
ዛሬ ቢስማት፣ ነገ ሽርጧን አስፈትቶ ጓዳ ያስገባልሻል።
የኔም ስም አንድ ኑድል ቤት በር ላይ ተጽፎ ነበር፤
በሠርጌ ማግሥት
ባሌ ቀለም ገዝቶ መጣ።
ምን ልበልሽ፣ ጥሩ ቀለም ነበር፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።»

ሀራም ከስልኳ ቀና ሳትል፦ «እሳት የላቸውም እኮ!
ወንድምና እህት ነው የሚመስሉት።»

እኔ ምንም አላልኩ። እጁን ነው የማየው።
ቢላዋ ሲያቀብላት ስለቱን ወደ ራሱ መዳፍ ያዞረዋል፣
እጀታው ወደ እሷ ነው።
እዚህ ጋ ሲደርስ ኦክቡን ሁልጊዜ
የተቆጠረ ሣጥን እንደገና ትቆጥራለች።

ዐሥራ ሁለተኛው ክፍል ላይ ዘነበ።
ድራማ ውስጥ ዝናብ ለምን እንደሚዘንብ ሁላችንም እናውቃለን።
ኦክቡን ተነሥታ ቆመች።
ዶጂን «ከኋላሽ ነኝ» አለ፤ ሱህዮን ዞረች።
ተሳሳሙ። ካሜራው ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣
ቫዮሊኑ ተንሰቀሰቀ፣
ከጀርባቸውም፣ ምድጃው ላይ፣ የሾርባው ድስት ገነፈለ።

«ድስቱ!» ጮኸች ማልሱን፣ «ኧረ ድስቱ! አንዳችሁ እሳቱን አጥፉ!
ሌሊቱን ያደረ አጥንት ነው! ወይ ግፉ! ወይ ግፉ!»
ጓንቷን ወረወረች፤ ስክሪኑ ላይ ተለጠፈ፣
የዶጂንን ግማሽ ፊት ደፈነው።
ሳቅን፤ ሀራም ከሣጥኗ ወደቀች።

ኦክቡን አልሳቀችም።
«ይኸው ነው?» አለች። «ይኸው ነው የጠበቅሁት?»
ማስታወቂያ ገባ፤ ስለ ማቀዝቀዣ።

ሌሊት ዐሥር ሰዓት ጀልባዎቹ ገቡ።
በረዶ ፈጪው ቻንግሲክ፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቶ፣
እንደ ወትሮው ቢላዎቻችንን ስሎ መጣ፤
የማልሱንን ሣጥኗ ላይ ጣለላት፣ የኔን ጠረጴዛ ላይ አኖረልኝ።
የኦክቡንን ግን
ስለቱን በመዳፉ ይዞ
እጀታውን ዘረጋላት።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት።
«ስሏል?» አለችው።
«ስሏል።»
የመጀመሪያውን ዓሣ ሆድ ቀደደች።

ማልሱን አየችኝ፣ እኔም አየኋት፣
ሁለታችንም ጎንበስ።
እዚህ ቤት የተጣደ ድስት የለም፤
የሚገነፍል ነገር ብንፈልግም አናገኝ።

ሀራም አላየችም። የሚመጣውን ረቡዕ ቅንጫቢ
በስልኳ ስታይ ነበር።
«ሊለያዩ ነው!» አለች፣ «ሱህዮን ሴኡል ሄዳ የራሷን ቤት ልትከፍት ነው።»

«እሰይ!» አለች ማልሱን፣ ጨው እየዘገነች፤
ከዚያ፣ ትንሽ ቆይታ፣
«ብቻዋን?» ብላ ጠየቀች።