«ጨረስን» ካልኩ በኋላ

ዛሬም ጭጋግ ወረደ፤ ከጦሳ ተንሸራቶ፣
ፒያሳን በእርጥብ መዳፉ ዳብሶ፣ ገብቶ፣ ወጥቶ፣
ስቱዲዮዬ መስታወት ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቀረ።
እኔም መብራት አላበራሁ።
ሹፌር ይማው፣ ልብስ አጣቢ ይራገመው እንጂ፣
የደሴን ጭጋግ የሚጠላ ፎቶ አንሺ አላየሁ፤
ጥላን ከዓይን ሥር ይጠርጋል፣
የጉንጭን አጥንት ያለዝባል፣
በውድ ከገዛሁት ጃንጥላ ይልቅ
ይሄ በነፃ የሚመጣው ይበልጣል።

ጦይባ የመጣች ዕለትም እንዲህ ነበር።
ለፓስፖርት።
ከገራዶ በሌሊት ተነስታ፣ ጭቃው ጫማዋ ላይ ደርቆ፣
እናቷ በሩ ሥር ቆማ፣ ቦርሳዋ በብብቷ ታንቆ።

«ጆሮሽ ይታይ። ጥርስሽ አይታይ።
አገጭሽን ዝቅ። ቀጥ ብለሽ እኔን እዪ።»
መንግሥት የሚወደው ፊት እንዲህ ነው፦
ከነጭ ግድግዳ ፊት የቆመ፣ ያልራበው፣ ያልጠማው፣
ማንንም ያልተሰናበተ።
አነሳሁ። አንድ። ሁለት።
ለመንግሥት ይበቃል።

ሰው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ
ድንገት እንግዳ እንደመጣበት አባወራ ነው፤
የተዝረከረከውን ሁሉ ከአልጋ ሥር ይከታል፣
ትራሱን ያራግፋል፣ ወንበሩን ይጠርጋል፣
«ግቡ፣ ግቡ» ይላል፣ አፉ።
ምን ታደርጋለህ? ትገባለህ። ትቀመጣለህ።
የቀረበልህን ትቀምሳለህ።
ወሬው ስለ ዝናብ ነው፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፤
እውነተኛው ነገር የሚወጣው
«በሉ ልሂድ» ብለህ ተነስተህ፣ ሊሸኝህ ደጅ ሲወጣ፣
እጁ መዝጊያው ላይ እያለ።

ስለዚህ እዋሻለሁ።
«ጨረስን» እላለሁ፣ ካሜራውን ከዓይኔ አወርዳለሁ፤
ጣቴን ግን ከቁልፉ ላይ አላነሳም።

«ጨረስን» አልኳት።
ትከሻዋ ወረደ፤
ከገራዶ ጀምሮ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች፤
ዓይኗ ካልሲዬ ላይ አረፈ፦ አንዱ ቡኒ፣ አንዱ ሰማያዊ።
ሳቀች። ፍንጭቷ ታየ። አንገቷ ወደ እናቷ ዞረ፣
ጣቴም እኔን አላማከረም።

ማታ ጋሽ ሙሄ ትዝ አለኝ፣ በቀይ አምፖል ሥር ያስተማረኝ፦
«ወረቀቱ መድኃኒት ውስጥ ሲገባ ቀድሞ የሚመጣው ጥቁሩ ነው፤
ፀጉር፣ ብሌን፣ የአፍንጫ ቀዳዳ፤
ነጩ ይዘገያል፣ ጥርስ ከሁሉ ኋላ ነው፤
ቸኩለህ ያወጣኸው ሰው ሳቁን ሳያገኝ ይቀራል።»
ዛሬ መድኃኒት የለም፤ ኮምፒዩተሩ ያጉረመርማል።
ቅንድቧ ላይ ያለችውን ጠባሳ ላጠፋ
ቀስቱ ሄደ፣
ቆመ፣
ተመለሰ።
ከየት እንዳመጣቻት አላውቅም፤ የእኔ አይደለችም።

ኅዳር ላይ እናትየው ብቻዋን መጣች።
«ትልቅ አድርግልኝ፤ ግድግዳ የሚሞላ።»
ሁለቱንም ዘረጋሁላት፦ የመንግሥትን፣ የእኔን።
የእኔው ላይ ብዙ ቆየች። በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፈነች፤
እሷም ፍንጭት ናት፤ ያኔ ነው ያየሁት።
ከዚያ ገፋችው።
«ሰው ምን ይላል? እናቷን ጥላ ሄዳ ትስቃለች አይሉም?
ያኛው ይሁን። ጨዋው።»

አልተከራከርኩም።
ከፋኝ እንጂ፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ከፋኝ።
ጨዋውን አተምኩት። ፍሬም ገባ፣ ተጠቀለለ፣ ተከፈለ።
ልሸኛት ተነሳሁ።
ደጃፉ ላይ፣ እጇ መዝጊያው ላይ እያለ፣
ፊቷን ወደ ጭጋጉ አድርጋ፣
«ያችኛዋን…» አለች፣
«አታጥፋት።»

ዛሬ ደግሞ ወንበሩ ላይ አንድ ልጅ ተቀምጧል፣
ለስምንተኛ ክፍል ፈተና፤
የወንድሙን ኮት ለብሶ፣
የኮሌታውን ቁልፍ እስከ ጉሮሮው ቆልፎ፣
ትንፋሹን ይዞ።

ካልሲዬን ዛሬም አላዛመድኩም።