ስለ ዶሮ ብቻ

ከኤድመንተን ሰሜን፣ ከባቡሩ ማዶ፣
ሁለት ጊዜ አልፏቸው የከረረ በረዶ፣
ሦስት ነባሮች አሉ፣ ጓሮውን የያዙ፣
ከእኔ ቀድመው ነቅተው እኔን የሚያዙ።

እቴጌ፣ ቀይዋ፤ ጉሮሮዋ ሰፊ፣
እንደ ተራ አስከባሪ ቀኑን ሙሉ ለፍላፊ።
ወሰራዋ ቀጭን፣ አንድ ዓይኗ ጠበብ፣
እንቁላሏ እንደ ደሞዝ፣ በወር የሚታሰብ።
ድንቡሼም አለች፤ ሥራዋ መብላት፣
ቀና ብሎ ማየት፣ ከዚያም ደግሞ መብላት።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ከመኖ መደብር፣
አራት ጫጩት ገዛሁ፣ በካርቶን ሲንጫረር።
ምድር ቤት አደጉ፣ አምፖል እያሞቃቸው፣
የልብስ ማጠቢያው ድምፅ እንደ እናት ሆኗቸው፤
ሁለት ነጭ፣ አንድ ጥቁር፣ አንዲት ገብስማ፣
ከሁሉም የምታንስ፣ ከሁሉም ጯሂ ግን እሷ ናት ስትሰማ።

ሰኔ ላይ ላባቸው ሞላ። እኔም አንድ ረፋድ፣
ያለ ሽማግሌ ደባለቅኩ ባንድ።

ደቂቃ አልሞላም፤ እቴጌ መጣች፣
ገብስማዋን ይዛ አናቷን ነቆረች፤
ደም ያየች ወሰራ እሷም ተከተለች።
ድንቡሼ እንኳ ሳትቀር፣ መኖዋን ትታ፣
ስትሮጥ አየኋት ያን ቀን፣ ላንዳፍታ።

በመጥረጊያ ገላገልኩ።
ቁስሉን በጨው ውሃ ሳጥብ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀ።

ሃሊና ከአጥር ማዶ ሁሉን አይታ ኖሮ፣
«መጀመሪያ መተያየት፤ ኋላ መኖር አብሮ፣»
ብላኝ ገባች ቤቷ። ተመልሳ መጣች፣
የሕፃን አልጋ ፍርግርግ በሣሩ ላይ እየጎተተች።
የልጇ ነው፤ ልጇ ዛሬ ዐርባ ዓመቱ፣
ካልጋሪ የሚኖር፣ ፀጉር የከዳው አናቱ።

ዐሥራ ስድስት ቀን። በዚህ በኩል ጥሬ፣
በዚያ በኩል ጥሬ። መሐል ላይ ወሬ።
እቴጌ ትቆማለች ደረቷን ለጥጣ፣
አንድ ዓይኗን አዙራ፣ እያየች በቁጣ።
ትንሾቹ ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተው፣
ትል ያገኙ ይመስል ይጭራሉ አቀርቅረው።
ጥቁሯ አንድ ቀን በታች ሾልካ ገባች፤
ከአበባ ማሰሮ ኋላ እስከ ማታ ተደበቀች።

እኔ አንሶላ ሳጥብ አድሬ፣ ከሆስፒታል ተመልሼ፣
ባልዲ ደፍቼ እቀመጣለሁ፣ ጃኬቴን ለብሼ።
ቂማቸው እንደ ሳሙና ሲሟሽሽ አያለሁ፤
ትናንት ዘጠኝ ጊዜ፣ ዛሬ ሁለት፣ ብዬ እቆጥራለሁ።

አቶ ጥላዬ መጡ እንቁላል ሊወስዱ፤
ከሽቦው ሲደርሱ በሐሳብ ነጎዱ።
«እኛም ስንመጣ እኮ...» ብለው ሲጀምሩ፣
«ጋሼ፣ ዶሮ ናቸው፤ ምሳሌው ይቅርና እንቁላሉን ይቁጠሩ።»

እዚህ አገር ሐምሌ፣ ፀሐይ አትጠልቅም በዋዛ፤
ዐምስት ሰዓት ሆነ ጨለማው እስኪገዛ።
አራቱን አንድ በአንድ ብብቴ ሸሽጌ፣
ቆጡ ላይ ደረደርኩ፣ ከዳር እስከ እቴጌ።
ቦታ የቀረው እዚያው፣ ከእሷ ጎን ነበር፤
ለገብስማዋ ደረሳት። ምን ላድርግ፤ ዕጣ አይሻር።
ብርድ ይሁን ፍርሃት፣ እኔ አላውቅም፤
ራሷን ቀበረች ከቀይዋ ክንፍ ሥር። ዝም።
እቴጌ አንድ ጊዜ፣ ከደረቷ ሥር፣
እንደ አሮጌ ማጠፊያ ድምፅ አሰማች፦ ቅርርር።
ልመልሳት ብዬ እጄን ሰደድኩ፤
ምንም አልሆነም። ባትሪዬን አጠፋሁና ቆምኩ።

ጠዋት ነቆረቻት፤ አንዴ፤ ከውሃው ዳር።
ላባ አልበነነም፤ ደምም አልነበር።
ገብስማዋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች፣
ተራዋን ጠበቀች፤ ሲደርሳትም ጠጣች።

የአልጋውን ፍርግርግ ይዤ አጥሩ ጋ ሄድኩ፤ ሃሊና ሳቀች።
«እዚያው ይቆይ፤ አንቺን አውቅሻለሁ፣
በሚያዝያ ደግሞ ሌላ ካርቶን አያለሁ።»