በመቶ ሰባ ሦስት

ሸዋ በር፣ ከጫማ ሰፊው አጠገብ፣ ጠባቧ ሱቅ ውስጥ፣
ሰዓት ጠጋኙ ሙሔ፣ ማጉያው ላይ ባንድ ዓይኑ ሲያፈጥ፣
ግድግዳው ላይ ሃያ ሰዓት ተሰቅሎ ሃያ ዓይነት ይቆጥራል፤
እሱ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ንጉሥ ያሳድዳል።

ወረቀቷ የመጣችው ከመለዋወጫ ካርቶን ጋር፣
ዕቃ ተጠቅልሎባት፣ ጠርዟም ተቀዶ ነበር፦
«ነጭ ይጀምራል፤ ነጭ ይገድላል፤ በ...»
ከ«በ» ወዲያ ያለውን አይጥ በልቶታል፤
ሰሌዳው ግን ደህና ነው፤ ጥርት ብሎ ይታያል።

ጥቁሩ ግንብ በገዛ ወታደሮቹ ታጥሮ፣
ሁለት ቤት ብቻ ቀርተውት፣ እንደ እስረኛ ዞሮ ዞሮ፤
ነጭ ቀርቦ ሊጨርስ እጁን ሲሰነዝር፣
ጥቁር ሁሌ አንድ እርምጃ ይተርፈዋል፤ አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ክር።

ጥቁሮቹ የቦርከና ጠጠር፣ ነጮቹ የሸሚዝ ቁልፍ፣
የዘይነባ፣ የሚስቱ፣ ከሲንገሯ ሥር የሚረግፍ።
«ስትገድለው ትመልሳለህ» አለችው፤ «እሺ» አላት፤
ሸሚዙ ያለ ቁልፍ ቀረ፤ ንጉሡም አልሞተላት።

ክረምት፣ ጠዋት፣ ጦሳ ጉሙን ሲከናነብ፣
ጉሙም እንደ ደንበኛ ወርዶ ደፉ ላይ ሲሰበሰብ፣
ደብተር ይገልጣል፤ ሰማያዊ ለነጭ፣ ቀይ ለጥቁር፤
በየእርምጃው ጎን ቀኑን ይጽፋል፣ እንደ ብድር።

ቆይቶ ገባው፤ መሮጥ አይደለም ነገሩ።
ነጩ ንጉሥ ረጅም ዙር ይዞራል፤ ሠላሳ እርምጃ፤ ተመልሶ ከበሩ
ይቆማል። ምንም የተለወጠ የለም። ሁሉም እንደ ድሮው።
ተራው ብቻ ነው የተዛወረው።
«ጥቁር ኪሱ አምስት ሳንቲም አለው፤» ይለኛል፤ «ደጁን እየዞርኩ፣
አንድ በአንድ አስወጣዋለሁ፤ ሲያልቅበት አሸነፍኩ።»

እኔ የደባስ ልጅ ነኝ፤ ኮምቦልቻ ኮምፒውተር እማራለሁ፤
«በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል» ብዬ ላፕቶፔን ይዤ መጣሁ።
ማሽኑ አየ፤ «እኩል ነው» አለ፤ ደረቅ መልስ።
በሁለተኛው ሌሊት መብራት ሄደ፤ በሦስተኛው ሲመለስ
ቢሊዮን ቅጠል ቆጠረ፤ ዛፉን ግን አላየ።
ሙሔ ሣቀ፤ ማጉያውን ከዓይኑ ለየ፤
«አንዱን ዙር ብቻ ንገሪው፤ ሌላውን ይድረስበት ራሱ።»
ነገርኩት። ማራገቢያው እንደ ንብ ጮኸ፤ ቁጥሮች እንደ ዶፍ ፈሰሱ።

ሊነጋ ሲል፦ ነጭ ይገድላል፤
በመቶ ሰባ አንድ።

ደብተሩን ዘጋ፤ ከፈተ። «የኔ መቶ ሰባ ሦስት ነው።
ሁለቱን የት ነው የጣልኩት? ፈልጊያቸው፣ የት ነው?»

እስከ ስልሳ ሰባት አንድ ናቸው። ስልሳ ስምንት ላይ ንጉሡ
ወደ ባዶ ቤት ይወጣል፤ ስልሳ ዘጠኝ፣ መመለሱ።
ሌላ ምንም የለም። ግንቡም ወዲያ ብሎ ወዲህ መጥቷል።
እንዲህ ያለውን ስሕተት ጀማሪ እንኳ ያየዋል።

ከስልሳ ስምንት ጎን፦ ሐምሌ ዐሥራ አራት።
ቀና ብዬ አላየሁትም። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ በዝናብ ዘይነባን ቀበራት።
ከስልሳ ዘጠኝ ጎን፦ ነሐሴ ሃያ አራት።
ንጉሡ አርባ ቀን ሙሉ ቆሟል፣ ማንም ከሌለበት ቤት።

«ላጥፋቸው?» አልኩት ቀስ ብዬ፤ «መቶ ሰባ አንድ ይባል?»
ሰዓቶቹ ሃያ ዓይነት ቆጠሩ። ቆይቶ ነው «ተይ» ያለኝ፣ እንዲህ ሲል፦
«ማሽንሽ ልክ ነው፤ አላህ ይባርክልሽ። የወረቀቷም ቁጥር እሱ ነው ይሆናል።
የኔን ግን አትንኪው። ንጉሥም ቢሆን፣ አንዳንዴ ከቤቱ ወጥቶ ይቆማል።»

በማግስቱ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ድረስ ተቆልፎ አገኘሁት፤
ቁልፎቹ አይመሳሰሉም፤ አንዱን በቀይ ክር ሰፍቶት።
ሰሌዳው ላይ በቁልፍ ፋንታ የሽምብራ ፍሬ ደርድሯል፤
«ነይ እስቲ፣» አለኝ፤ «ይሄኛውስ በስንት የሚያልቅ ይመስልሻል?»